የኮስታራዋ አንድ ጥያቄ

ኮስታራዋ ነው የሚሏት። ሒሳብ ስታስተምር ተማሪዎቿ ያወጡላት ስም ነው፤ ቼዝ ማሠልጠን ስትጀምርም ተከትሏት መጣ። አሁን የአሠልጣኞች አሠልጣኝ ሆና፣ አገር ላገር እየዞረች የምስክር ወረቀት የምትሰጥና የምትከለክል ሴትዮ ከሆነች በኋላ እንኳ ፊት ለፊቷ "እትዬ"፣ ዞር ስትል "ኮስታራዋ" ነው። ስትስቅ ያያት የለም ይላሉ። ውሸት ነው! ቤቷ ከእናቷ ጋር ስትሆን እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ብቻ የሚያስቃቸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። ፕሮፌሰሩ ተዋርዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ የሚገባበት ሲጠፋው እያሰቡ ነው እናትና ልጅ የሚንከተከቱት። ምን ታደርጓቸዋላችሁ!

ፕሮፌሰሩ ደግሞ ፕሮፌሰር እንዳይመስላችሁ። ሲናገር መነጽሩን አውልቆ አየር ላይ ስለሚያወዛውዝና በሁለት ቃል መሀል "እንደሚታወቀው" ስለሚያስገባ ብቻ የወጣለት ስም ነው፤ እሱም እውነት ይመስል ደስ ብሎት ለበሰው። የአገሩን የቼዝ አሠልጣኞች ለሃያ ዓመት ያሠለጠነ፣ ያሳለፈና የጣለ እሱ ነው። በእጁ ያላለፈ አሠልጣኝ አልነበረም። ኮስታራዋም በእጁ አለፈች፤ ማለፍ ከተባለ።

ነገሩ ከአባቷ ይጀምራል። አባቷ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ቀለም ቀቢ ነበር። ቼዝን ከአንድ መካኒክ ጋር በምሳ ሰዓት ነው የለመደው፤ ለልጁም ከተራረፈ ጣውላና ከአውቶቡስ ቀለም ትራፊ ሰሌዳ ሠራላት። ከሥሩ "ለልጄ፣ ስምንት ዓመት ሲሞላት" ብሎ ከነቀኑ ከነዓመቱ ጻፈበት። እጁ ወርቅ ነበር፣ ሰሌዳው መስታወት ይመስላል። አንድ ነገር ግን ስቶ ነበር። በየጠርዙ ፊደሎቹንና ቁጥሮቹን ሲጽፍ ሰሌዳውን በጎኑ አዙሮት ኖሮ፣ በተጫዋቹ ቀኝ እጅ በኩል ነጭ መሆን የሚገባው ጥግ ጥቁር ሆነ። የፊተኛው ጥግ ከተዛባ የማዶውም ይዛባል፤ ጥቁር መሆን ያለበት የማዶ ቀኝ ጥግ እነሱ ቤት ነጭ ነበር። አባትና ልጅ ምን አውቀው! ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰሌዳ ተጫወቱ። ልጅቱ አሥራ አምስት ሲሞላት ከጎማ ቤቱ ፎቅ ላይ ካለው የቼዝ ክበብ ገብታ፣ ሰሌዳውን እንደ ቤቷ ብታስቀምጠው ክበቡ በሳቅ ፈረሰ። ያን ቀን ለአባቷ አልነገረችውም። ሆዱ እንዳይባባ ብላ ነው።

ደብተርም ነበራት። ከልጅነቷ ጀምሮ ለጀማሪ የሚሆን መልመጃ እያሰበች ትጽፍበታለች። ክበብ ከገባች በኋላ የድሮዎቹን እየመረመረች አረመች፤ አዳዲስም ጨመረች። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆናት መልመጃዎቹ አርባ ሞሉ፤ ከቀላል ወደ ከባድ፣ አንዱ ሌላውን እየጠራ። ያን ደብተር ይዛ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም አቀፍ የአሠልጣኝነት ሥልጠና የገባችው። አምስት ቀን፣ ሠላሳ አንድ ሰው፣ ፊት ለፊት መነጽሩን የሚያወዛውዘው ፕሮፌሰር።

በሁለተኛው ቀን ደብተሩን አየ። አገላበጠ። ከዚያ "እስቲ አንዴ አውሺኝ፣ የኔ ልጅ፤ ዓይን ልጣልበት" አላት። ኮስታራዋ ያን ቀን ኮስታራ አልነበረችም፤ በደስታ እግሯ መሬት አልነካም። እቤት ገብታ "አባዬ፣ ፕሮፌሰሩ ደብተሬን ወሰደው!" ብላ ጮኸች። አባቷም ጎረቤት ሳይቀር ነገረ።

ደብተሩ በአምስተኛው ቀን ተመለሰ፤ ከውጤት ጋር። ሠላሳው አለፈ፣ አንዷ ወደቀች። ወረቀቷ ላይ "ለማሠልጠን አትበቃም፤ የማስተማር ዘዴ የላትም" ይላል። ለምን እንደጣላት ሁለት ዓመት ሙሉ አልገባትም። ከሁለት ዓመት በኋላ የፕሮፌሰሩ የአሠልጣኞች መማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ሲወጣ ገባት። አርባ መልመጃ፤ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በራሷ አባባል፣ በሱ ስም። ሌባው መስረቁ አንሶት የደብተሩን ባለቤት አስቀድሞ አፏን አሽጓታል። የወደቀች ተማሪ "የኔ ነው" ብትል ማን ይሰማታል?

አባቷ መጽሐፉን ገዝቶ ገባ። ሦስት ገጽ አንብቦ "ይሄ እኮ የኛ ነው" አለ። በማግስቱ ታጥቦ የተተኮሰ ቱታውን ለብሶ፣ ደብተሩን በብብቱ ይዞ፣ ልጁን ሳያማክር የአሠልጣኞቹ ማኅበር ቢሮ ሄደ። ፕሮፌሰሩ እዚያው ተቀምጧል። ጸሐፊው "አባባ፣ አስተማሪ ከተማሪ ይቀዳል ወይስ ተማሪ ከአስተማሪ?" አለው። ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አወለቀና "እንደሚታወቀው፣ ልጅዎ እኔ ያስተማርኩትን ነው የጻፈችው፤ እሱም አልገባትም። ቀለምዎን ይቀቡ" አለው። ተሳሳቁ። ቢሮው ሙሉ ሳቀበት።

አባትየው እቤቱ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ እስኪመሽ ተቀመጠ። በዓመቱ ሞተ። ሐኪሙ ልቡ ነው አለ። እናትየው ግን "ልቡን ምን ነካው? ያ ሌባ ነው የገደለው" አለች፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከዚህ ንግግሯ ፍንክች አላለችም።

ከዚያ ወዲያ ኮስታራዋ ቂም ቋጠረች። ሌላው ሰው ቂም ሲይዝ ያኮርፋል፣ ሐሜት ያወራል፣ ከዓመት ዓመት ይረሳል። እሷ ሥራ አደረገችው። የሱ እጅ የማይደርስበት አገር ሄዳ እንደገና ተፈተነች፤ አለፈች። ሁለተኛውን ደረጃ ወሰደች። ሦስተኛውን ወሰደች። በየአውሮፕላን ጣቢያው በላስቲክ የተጠቀለለ ዳቦ እየገመጠች ስታጠና፣ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ካሳ አይደለም። መጽሐፉ ይቃጠል አይደለም። ያ ሰውዬ ሰው ፊት ቆሞ፣ በገዛ አፉ፣ "የሷ ነው" ይበል። ሁለት ቃል! ለሁለት ቃል አሥራ አንድ ዓመት ለፋች።

መቼም ቂም እንዲህ ያስተምራል ብል ትቆጡኛላችሁ፤ ግን እሷን እንዲህ ያስተማራት ሌላ ነገር አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናቷ ወጥ ቤት ውስጥ የአባትየውን ሰሌዳ ከቁም ሣጥን አውርዳ ሽንኩርት ልትከትፍበት ስትል ደረሰችባት። "ኧረ እማዬ! በሱ ላይ?" ብላ ነጠቀቻት። "ታዲያ ምን ላድርገው፣ ልሳመው?" አለች እናት፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ልጅቱ ሰሌዳውን ጠራርጋ፣ እንዲያው ናፍቆት ይዟት የልጅነት መልመጃዎቿን አንድ በአንድ ትደረድርበት ጀመር። አሥራ ሰባተኛው ላይ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ።

አሥራ ሰባተኛው ሥዕል አልነበረውም፤ በቃል ብቻ የተጻፈ ነው። "ጥቁሩ ንጉሥ የማዶው ቀኝ ጥግ ላይ ብቻውን ነው። ነጩ ንጉሥ፣ የቀኝ ዳር ወታደርና በነጭ ቤቶች ላይ የሚሄድ ጳጳስ አለው። ጳጳሱ ጥጉን ስለሚመታ ንጉሡ ይወጣል፤ ወታደሩ ጥጉ ላይ ደርሶ ንግሥት ይሆናል፤ ነጭ ያሸንፋል" ይላል። የአሥር ዓመት ልጅ ሆና የጻፈችው ነው። በአባቷ ሰሌዳ እውነት ነው፤ ጥጉ ነጭ ነዋ! በደህና ሰሌዳ ግን ያ ጥግ ጥቁር ነው። በነጭ የሚሄድ ጳጳስ ዕድሜ ልኩን ቢመላለስ ጥቁር ጥግ አይነካም። ያኔ ስታርም ሥዕል ስለሌለው አምልጧት ነበር። እየሮጠች የፕሮፌሰሩን መጽሐፍ አወጣች። አሥራ ሰባተኛው ቃል በቃል እንዳለ ተቀምጧል። ሌባው ሲቀዳ ሰሌዳ ላይ እንኳ አልደረደረውም! አሠልጣኞቹም መልሱን ሸምድደው ተፈተኑበት፤ ስህተቱን ያዩት አንድ ሁለቱም የማተሚያ ቤት ጣጣ ነው ብለው አለፉት።

"እማዬ!" ብላ ጮኸች።

"ምነው? ጊንጥ ነው?"

"ያዝኩት እማዬ! እጅ ከፍንጅ ያዝኩት!"

ለማንም እንዳይተነፍሱ ተማማሉ። እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ምስጢር ጠበቀች፤ አንጀቷ እያረረ።

በሁለተኛው ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። ማንም አሠልጣኝ፣ አንጋፋም ይሁን፣ ዓለም አቀፍ ፈቃዱን ለማሳደስ ፈታኞች ፊት ቀርቦ በተግባር ማስተማር አለበት ተባለ። ከፈታኞቹ አንዷ ሆና ተመርጣ ኖሮ፣ የተፈታኞቹ ዝርዝር ሲመጣላት ዘጠነኛው ፕሮፌሰሩ ነበር። የኮስታራዋ ደም ፈላ። ግን ሞኝ አይደለችም፤ ቀጥታ የፈታኞቹ ሰብሳቢ ዘንድ ሄዳ "ከዚህ ሰውዬ ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ነጥብ ልሰጠው አይገባም" አለችው።

ሰብሳቢው ሸምገል ያለ፣ ነገር የማይወድ ሰው ነው። "ደግ አደረግሽ ነገርሽኝ። ነጥቡን እኔና ባልደረባችን እንሰጣለን" አለ። "ጥያቄ ማቅረብ ግን የእያንዳንዱ ፈታኝ መብት ነው። አንድ ጥያቄ ትጠይቂያለሽ።"

"አንድ ይበቃኛል" አለች።

የፈተናው ወግ እንዲህ ነው። ቼዝ የማያውቅ አንድ አዋቂ ሰው ይጠራል። ተፈታኙ ለሃያ ደቂቃ ያስተምረዋል። ልጓም ይዞ ፈረስ ግልቢያ እንደሚያስተምር ሰው ሳይሆን፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ነው። የቼዝ ጠጠሮቹን ደርድሮ ከጨረሰ በኋላ መንካት ክልክል ነው፤ "ይሄን ወዲያ ውሰድ" ማለትም ክልክል ነው። እየጠየቀ ተማሪው ራሱ እንዲደርስበት ማድረግ አለበት። ያን ቀን የተጠራችው የአዳራሹ በር ዘበኛ ነበረች፤ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት። ከጠዋት ጀምሮ ስምንት ተፈታኝ ሲፈራረቅባት የጠጠሮቹን አካሄድ አጥንታ ጨርሳለች። "ከዚህ በኋላ ደመወዜን በቼዝ ነው የምጠይቀው" ትላለች።

ፕሮፌሰሩ ገባ። ሸብቷል፤ መነጽሩ ግን ያው። ኮስታራዋን አያት፣ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ። "አንቺን የት ነው የማውቅሽ?" አላት፤ አንቺ ብሎ!

"አስተምረውኛል" አለች።

"እ! ጎሽ የኔ ልጅ! ይኸው ፍሬያችን!" አለ ወደ ሰብሳቢው ዞሮ። ኮስታራዋ ጥርሷን ነከሰች። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳታስበው አልዋለችም፤ እሱ ግን ጭራሽ ረስቷታል። እንዲህ ያለ ነገር ያሳብዳል። ጠላትህ እንኳ ቢያስታውስህ ምናለበት!

"ጥያቄዬ ቀላል ነው" አለች። "ከራስዎ መጽሐፍ አሥራ ሰባተኛውን መልመጃ ያስተምሩልን።"

ፊቱ በራ። ከራሱ መጽሐፍ! ጠጠሮቹን እየዘፈነ ደረደረ ማለት ይቻላል። ዝምተኛው ሁለተኛ ፈታኝ በጥቁሩ ንጉሥ በኩል ተቀመጠ፣ ዘበኛዋ በነጩ።

"እንደሚታወቀው፣ እሜቴ፣ ይህ ንጉሥ ጥግ ይዟል። እንዴት ነው የምናስወጣው?" አለ ፕሮፌሰሩ።

ዘበኛዋ አሰበች። ጳጳሷን አንቀሳቀሰች። ንጉሡ ከጥጉ አንድ ቤት ወጣ፤ ተመልሶ ገባ። ደግማ አንቀሳቀሰች። ወጣ፤ ገባ። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ። ፕሮፌሰሩ "እስቲ ጳጳሱ ምን ይመታል?" ይላል፤ "በደንብ ይመልከቱ እንጂ" ይላል፤ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። አሥራ አራተኛው ደቂቃ ላይ ዘበኛዋ እጇን ከሰሌዳው ላይ አነሳች።

"ጌታዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ አይወጣም" አለች። "የኔ ጳጳስ በነጭ በነጭ ነው የሚሄደው፤ ጥጉ ጥቁር ነው። እኔ በሌላው በር ቆሜ እሱ በዚህኛው ቢገባ ምን አደርገዋለሁ?"

ዝምተኛው ፈታኝ ሳቁን በሳል ዋጠው። ፕሮፌሰሩን ላብ አጠመቀው። ጎንበስ ብሎ ሰሌዳውን አየ፤ መጽሐፉን ከቦርሳው አውጥቶ አየ፤ ተመልሶ ሰሌዳውን አየ።

ሰብሳቢው "መልመጃውን ከየት አገኙት?" ብሎ ጠየቀ።

እዚህ ላይ "ከሌላ ሰው ነው" ቢል ይተርፍ ነበር። ግን የሃያ ዓመት ልማድ የት ይሄዳል? መነጽሩን አወለቀና "አርባዎቹም በገዛ እጄ፣ በገዛ ሰሌዳዬ የሠራኋቸው ናቸው። የሌላ ሰው እጅ የለበትም" አለ።

"ይመዝገብልኝ" አለች ኮስታራዋ። ተመዘገበ።

ከዚያ ጠጠሮቹን አነሳችና ከጠረጴዛው ሥር የአባቷን ሰሌዳ አውጥታ በደህናው ላይ ጫነችው፤ በየጠርዙ እንደተጻፈው አስተካክላ። ከመጫኗ በፊት ሥሩን ገልብጣ ቀኑን ለሰብሳቢው አሳየችው፤ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ሃያ ዓመት ይቀድማል። "እትዬ ዘበኛ፣ ያንኑ እዚህ ላይ ይሞክሩልኝ። ጳጳስዎን ነጭ ቤት ላይ ያድርጉ" አለች።

ዘበኛዋ ደረደረች፣ ጥጉን አየች፣ "አሃ! እዚህስ በሩ የኔ ነው!" አለች። በስድስተኛው እንቅስቃሴ ንጉሡን ከጥጉ ነቅላ አወጣችው፤ ወታደሯ ንግሥት ሆነ። ማንም ምን እንደምታደርግ አልነገራትም።

"ይህን ሰሌዳ አባቴ ነው የቀባው፤ ፊደሉን የጻፈው ተሳስቶ ነው" አለች ኮስታራዋ። "አሥራ ሰባተኛው መልመጃ እውነት የሚሆነው በዚህ ዓይነት ሰሌዳ ላይ ብቻ ነው። እርስዎ ቤት እንዲህ ያለ ሰሌዳ ነበረ?"

ፕሮፌሰሩ አሁን አወቃት። ፊቱ ላይ ታየ፤ ደብተሩ፣ ቱታ የለበሰው ሰውዬ፣ ሳቁ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣበት። "እርስዎ..." አለ። እርስዎ!

ሰብሳቢው ከባልደረባው ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ ደንቡን እያነበበ ነገረው፤ የሌላ ሰው ሥራ በስሙ ያወጣ አሠልጣኝ ፈቃዱ ለዘለቄታው ይሰረዛል። ጥፋቱን ፈታኞች ፊት በገዛ አንደበቱ ካመነ ግን ዛሬ ይወድቅና፣ በዓመቱ እንደ ጀማሪ እንዲፈተን ይፈቀድለታል። "የማን ነው?" አለው።

ፕሮፌሰሩ ወደ ኮስታራዋ ዞረ። "እህቴ፣ ውጪ ያሉት ተፈታኞች ተማሪዎቼ ናቸው" አለ በለሆሳስ። "ታሞ ነው የወደቀው ቢባል ምናለበት? እባክዎ። ሽማግሌ ነኝ።"

"አባቴም ሽማግሌ ነበር" አለች።

ፕሮፌሰሩ ጫማውን እያየ "የሷ ነው" አለ።

"አልሰማሁም።"

ቀና አለ። "የሷ ነው።"

"አልሰማሁም" አለች ኮስታራዋ።

ሰብሳቢው "ሰምተናል እኮ፣ እህቴ" አላት ቀስ ብሎ። ዘበኛዋ እንኳ ፈገግታዋ ጠፍቶ መሬት መሬት ታያለች። ክፍሉ ውስጥ በልቡ ይብቃ ያላለ ሰው አልነበረም።

"እናንተ ሰምታችሁ ይሆናል" አለች። "እኔ አልሰማሁም። በሩ ይከፈትና ይድገሙልኝ።"

ማንም ሊከፍት አልተነሳም። ራሷ ተነስታ ከፈተችው። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ላይ የተደረደሩት ተፈታኞች አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ አዩ፤ ገሚሶቹ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያጠኑ ነበር።

ፕሮፌሰሩ ዓይኑን ጨፈነ። "አርባዎቹም የሷ ናቸው!" ብሎ ጮኸ፤ ድምፁ መሀል ላይ ተሰበረ። "እኔ ነኝ የሰረቅኋት! የሷ ነው!"

እሰይ! ደስ አላት፤ ለምን ልዋሽላችሁ? አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አዘነችለት፣ አለቀሰች፣ ይቅር አለችው ብዬ ባሳምረው ደስ ይላችሁ ነበር፤ አላደረገችውም። በሩን እንደተከፈተ ትታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሰውዬው መሀል ክፍል ቆሞ፣ ቢያንስ ስድብ እንኳ ትሰድበኛለች ብሎ ነው መሰለኝ፣ ጠበቃት። እሷ ዝርዝሩን ሳብ አድርጋ አሥረኛውን ተፈታኝ ጠራች።